የድሬዳዋንና የሐረርን ቤት ከውጭ ለሚያስተዳድሩ፦ ውክልና ከመፈረም በፊት ሰበር ያለውን ማወቅ

ኤምባሲ ሄደው የሚፈርሙት ውክልና አንድ ቀን ድሬዳዋ ወይም ሐረር ችሎት ፊት መቅረቡ አይቀርም። ያን ቀን ዳኛው «ወካዩ ምን አስቦ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያየው ወረቀቱ ላይ የሰፈሩትን ቃላት ነው፤ ቃላቱን የሚመዝነውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በአጭሩ «ሰበር»፣ በመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያለን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) በሰጠው የሕግ ትርጉም ነው። ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ሥርዓቱ በዐዋጅ 454/1997 ተጀምሮ አሁን በዐዋጅ 1234/2013 ውስጥ ቀጥሏል። ሰዉ ሰበርን የሚያስታውሰው ተረትቶ ይግባኙም ካለቀ በኋላ ነው፤ ጥቅሙ የሚበልጠው ግን ውክልናው ሲረቀቅ ነው።

መጀመሪያ ንብረቱ የት እንዳለ ይለዩ። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እዚያው ያስችላሉ፤ ከነሱ ጎን የከተማው ፍርድ ቤቶች አሉ። ጋብቻን የሚመለከተው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ 213/1992 ነው። ደንገጎን አልፈው ሐረር ሲገቡ ግን የክልል ፍርድ ቤቶችና የክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ይጠብቅዎታል። ከዚራ ያለ ቤትና ጁገል ውስጥ ያለ ቤት የአንድ ሰው ቢሆኑም መንገዳቸው ሁለት ነው። ለሁለቱም በአንድ ጠበቃና በአንድ ረቂቅ መሄድ የተለመደ ነው፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ስህተት ግን ይጨምራል።

ወደ ውክልናው እንምጣ። «ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ማለት የሚመስለውን ያህል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ ማድረግ፣ ክስ መክሰስና መከራከር ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ስለዚህ «በማናቸውም ጉዳይ እንደ እኔ ሆኖ እንዲሠራ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቤት አይሸጥም። እንዲህ ይጻፍ፦ «በድሬዳዋ ከተማ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ቁጥር በስሜ የተመዘገበውን ቤት እንዲያከራይ፣ የኪራይ ገንዘብ እንዲቀበል፣ ግብር እንዲከፍል፤ ቤቱን ግን እንዳይሸጥ፣ እንዳይለውጥ፣ በስጦታ እንዳያስተላልፍና በዋስትና እንዳያስይዝ።» «እንዳይ» የሚለው ክፍል ትርፍ ነገር አይደለም። ብዙ የተዘጋጁ ቅጾች «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለውን ስለሚይዙ ሳያነቡ የሚፈርሙት ሰው ለኪራይ መጥቶ የመሸጫ ሥልጣን ሰጥቶ ይመለሳል።

ክርክር ካለ ሌላ ችግር አለ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ጠበቃ ሳይሆን ችሎት ቆሞ እንዲከራከር የሚፈቅደው ለቅርብ ዘመድ ነው፤ የልብ ጓደኛዎ ወይም የሠፈርዎ ልጅ ውክልናውን ይዞ ቢቆም መልሰው ያስወጡታል። በሱ በኩል ጠበቃ እንዲቆም ከፈለጉ «ጠበቃ እንዲወክልና እንዲሽር» የሚል ቃል ይግባ፤ ተወካይ ካልተፈቀደለት በቀር ሌላ ሰው በቦታው መተካት አይችልም።

ስምም ያስቸግራል፣ በተለይ በኛ አካባቢ። ካርታው ላይ «መሐመድ» ተብሎ የተጻፈው ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል በሌላ ድምፅ ይወጣል፤ ሴቶች ደግሞ በሰው አገር የባል ስም ይዘው ይመጣሉ። ኤምባሲው በፓስፖርቱ ስም አረጋግጦ ይልካል፤ መሬት አስተዳደር ደግሞ «ይህች ሴት ካርታው ላይ የለችም» ይላል። ውክልናው ውስጥ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ይጻፍ፣ ማስረጃውም አብሮ ይያያዝ። ሰነዱ ከኤምባሲ ሲወጣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ እንዳለበትም አይርሱ።

አሁን ወደ ሽያጭ። በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448፣ በ1999 ዓ.ም. በተሰጠው ውሳኔ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ እንደ ረቂቅ፣ ማለትም ገና እንዳልጸና ውል ይቆጠራል፤ መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ካልካደ ነገሩን አላልተውታል። ታዲያ ከውጭ ሆኖ በወንድሙ በኩል የሚገዛ ሰው የሻጩን ጨዋነት ዋስትና አድርጎ ገንዘብ መላክ የለበትም። ሦስት ምስክርና አንድ ሽማግሌ የፈረሙበት ወረቀት ሻጩ «አልሸጥኩም» ያለ ቀን ብዙ አይረዳም። ቅድሚያ ክፍያው ትንሽ ይሁን፣ ትልቁ ክፍያ ውሉ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት በሚፈረምበት ቀን ይሁን።

ባለትዳር ከሆኑ ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻውን ቤቱን የግል አያደርገውም። በዐዋጅ 213/1992 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ ሳይስማማ የቀረው ወገን ግን እንዲፈርስለት የሚጠይቀው ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በውጭ ለሚኖር ሰው ሁለት ዓመት አጭር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ተወካይዎ ካርታው አሁንም በስምዎ መሆኑን መሬት አስተዳደር ሄዶ ያጣራ።

ከዚህም የከበደው መዝገብ ቁጥር 20938 ነው። ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት ሲመሩ ከኖሩ፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ባይወስንም ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ችሎቱ አሳይቷል። በሥራ ምክንያት መራቅ ብቻ ይህን አያመጣም። ቢሆንም «እስካልተፋታን ሚስቴ ናት፣ ንብረቱም የጋራችን ነው» ብሎ አሥር ዓመት ዝም ያለ ሰው ክርክር ይጠብቀዋል። ግንኙነቱ ካለ ማስረጃው ይቀመጥ፦ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የጉዞ ማኅተም፣ በጋራ የከፈላችሁት ግብር።

ልጅ አያት ወይም አክስት ዘንድ ትተው ለሄዱ ደግሞ መዝገብ ቁጥር 23632 አለ። ችሎቱ የልጁን ጥቅም ከወላጅ መብት አስቀድሞ፣ ያሳደገችውን አክስት ከአባቱ መርጧል። ገንዘብ መላክ ብቻውን ማሳደግ ተብሎ እንደማይቆጠር ልብ ይሏል።

ውርስ ላይ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ቀኑ ነው። አባት ሲሞት እዚያ ያለው ወንድም ብቻውን የወራሽነት ማስረጃ ካወጣ ማስረጃው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ንብረቱን የማስመለስ ክስ ግን በቁጥር 1000 መሠረት መብትዎንና ንብረቱ በእጁ መሆኑን ካወቁ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ለቅሶ ላይ መጥተው ሁሉን አይተው «ይሉኝታ» ብለው ከተመለሱ፣ ቆጠራው ያን ዕለት ጀምሯል ተብሎ ሊከራከሩብዎት ይችላሉ። ውክልናም ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ይቀራል፤ በሟች ውክልና የተሸጠ ቤት ለወራሾች ክስ በር ይከፍታል።

በድሬዳዋ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተጠሩ ዝምታ አያዋጣም። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በተከራካሪዎች ፈቃድ ቢሆንም በዐዋጅ 188/1992 መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል። የማይፈልጉ ከሆነ ተወካይዎ ቀርቦ «አልፈቅድም» ይበል። በመደበኛ ፍርድ ቤት በሌሉበት ከተፈረደብዎ ደግሞ ማወቅዎን ተከትሎ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ ይነሳልኝ ይበሉ። ተከሳሽ ሳይሆኑ መብትዎ የተነካ እንደሆነ መቃወሚያው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መግባት አለበት።

ሰበር ራሱ ዘንድ የሚደርሱት የመጨረሻ ውሳኔ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ከሐረር ሲሆን የክልሉ ሰበር ይቀድማል፤ ጉዳዩ የክልል ሕግ ብቻ ከሆነ የፌዴራሉ በር ይጠባል። አቤቱታውን መጀመሪያ ሦስት ዳኞች አይተው «ያስቀርባል» (ጉዳዩ ይታይ) ወይም «አያስቀርብም» (አይታይም) ይላሉ፤ መመዘኛው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። ምስክሩ ዋሽቷል የሚል አቤቱታ እዚያ ቦታ የለውም። ጠበቃዎ ከጉዳይዎ ጋር የሚመሳሰል መዝገብ አለ ካለዎት የመዝገቡን ቁጥርና የታተመበትን ቅጽ (የሰበር ውሳኔዎች የሚታተሙበትን መጽሐፍ ተራ ቁጥር) ይጠይቁት፤ ቅጹን ራስዎ አውጥተው ከመጀመሪያው ገጽ ቀኑን፣ የዳኞቹን ቁጥርና የተጠቀሱትን አንቀጾች ያመሳክሩ። ያነበቡት ትርጉም በኋላ በሰባት ዳኞች ተለውጦ እንደሆነም አብሮ ይታይ።