ከጊት ስፓርስ ቼክአውት የተረፉ ፋይሎችን እንዴት በጥንቃቄ ማጽዳት ይቻላል?

ሀዋሳ ውስጥ ለሐይቅ ዳር ሆቴሎች የክፍል ማስያዣ አፕ የሚሠራ አነስተኛ ቡድን አለ እንበል። ሪፖው (የኮዱን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት የሚተዳደረው ማከማቻ) አንድ ነው። ውስጡ ሦስት ፎልደር አለ፦ ሞባይል፣ ዌብ እና ሰርቨር። ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ልጅ ላፕቶፕ 128 ጊጋባይት ዲስክ ብቻ ስላለው፣ በስፓርስ ቼክአውት (የተመረጡ ፎልደሮችን ብቻ ዲስክ ላይ በሚዘረጋው የጊት ዘዴ) ሰርቨርን አስቀርቶ ሌሎቹን አስወጣ። ሞባይል የሚለው ፎልደር ግን አልሄደም። ከፍቶ ሲያየው ኮዱ የለም፤ «ቢልድ» የሚል፣ ከኮዱ የተመረቱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ግን ጊጋባይቶች ይዞ ተጎልቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮሚት የተደረገ (ጊት ታሪኩ ውስጥ የመዘገበው) ፋይል ቅጂው ታሪክ ውስጥ ስላለ ጊት ሳይሰጋ ያነሳዋል። አድ ያልተደረገውን (ጊት እንዲከታተለው ያልተነገረውን) ወይም ጊትኢግኖር በሚባለው የሚታለፉ ፋይሎች ዝርዝር ላይ የተጻፈውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ አንዴ ከጠፋ ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ የተረፈው ሁሉ ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትነሱ። ከቢልዱ ጎን የአፑ መፈረሚያ ቁልፍ ወይም የይለፍ ቃል የያዘ «ዶት ኢኤንቪ» ሊኖር ይችላል።

ከዚህ በታች ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ አማራጮቹ ፊት ሁለት ሰረዝ ይቀድማል፤ እንደ ኤፍ እና ኤን ያሉት ባለ አንድ ፊደሎች ፊት ግን አንድ ሰረዝ ብቻ።

መጀመሪያ «ጊት ቨርዥን» ብላችሁ እዩ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ክሊን» የመጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2025 በወጣው 2.52 ላይ ነው። የሚሠራውም በኮን ሞድ ብቻ ነው፤ ማለትም ምርጫችሁ በፎልደር ሲሆን። ከ2.37 ወዲህ ኮን ሞድ ነባሪው ስለሆነ ብዙዎቻችሁ እዚያው ናችሁ።

ቀጥሎ «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ሊስት» በሉ። ልታስቀሩት የፈለጋችሁት ፎልደር እዚያ ከሌለ እዚህ ላይ ቁሙ። ከዚያ «ጊት ስታተስ»። ያላለቀ መርጅ ወይም ሪቤዝ (የሁለት ብራንቾችን ሥራ የማገናኘት ሂደት) ካለ ጨርሱት። ከምርጫችሁ ውጭ ያለ ፋይል ላይ ለውጥ ካለም ስቴጅ አድርጉትና (ለኮሚት አዘጋጁትና) «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ሪአፕላይ» በሉ። ኮንፍሊክት (እርስ በርሱ የተጋጨ ለውጥ) ወይም የተቀየረ ፋይል ያለበትን ቦታ ክሊን ሊዘለው ይችላል፤ «ለምን አልጸዳም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ክሊን» ላይ «ድራይ-ረን» ጨምሩ። ምንም ሳያጠፋ የሚነሱትን ፎልደሮች ስም ብቻ ያሳያችኋል። ስም ብቻውን ግን አያሳምንም፤ «ሞባይል» ማለት ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ «ቨርቦዝ»ንም ጨምሩበት፤ ያኔ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ሲረዝም ዓይን ይደክማል፣ ያውም አብዛኛው የቢልድ ኮተት ነው። እኔ ብሆን ቢልድን ዘልዬ የምፈልገው ቁልፎችን፣ ዶት ኢኤንቪን፣ የሙከራ ዳታቤዝንና የሆነ ሰው «በኋላ ኮሚት አደርገዋለሁ» ብሎ የተዋቸውን ስክሪፕቶች ነው። ያገኛችሁትን ከሪፖው ውጭ ወዳለ ፎልደር ወይም ወደ ፍላሽ ቅዱ። ቅጂው መከፈቱንም አረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ ነው «ፎርስ» የሚገባው። ያለ እሱ ክሊን አያጠፋም፤ «ክሊን ዶት ሪኳየርፎርስ» የሚለውን ቅንብር ፎልስ ያደረገ ሰው ግን ይህ መከላከያ የለውም። ቡድኑ የጋራ ላፕቶፕ የሚጠቀም ከሆነ ይቺን ቅንብር አስቀድማችሁ ብታዩ አይከፋም።

ክሊን የሚነካው ጊት የሚያውቃቸውን፣ ግን ከምርጫችሁ ውጭ የሆኑ ፎልደሮችን ነው። ራሳችሁ የፈጠራችሁት፣ አንድም ፋይል ኮሚት ያልተደረገበት ፎልደር ባለበት ይቆያል።

በዚህ ፋንታ «ጊት ክሊን»ን ከኤፍ፣ ዲ እና ኤክስ ጋር ሪፖው ሥር ላይ መልቀቅ ግን አይመከርም። እሱ ሰርቨርንም አይምርም፤ የምትሠሩበትን ዶት ኢኤንቪና የወረዱ ፓኬጆች የሚቀመጡበትን «ኖድ ሞጁልስ» ጠራርጎ ይወስዳል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ፓኬጆቹን እንደገና ማውረድ ሌላ ጥቅል መግዛት ሊሆን ይችላል።

ጊታችሁ የቆየ ከሆነና ማሻሻል ካልቻላችሁ፣ ያንኑ «ጊት ክሊን» በአንድ ፎልደር ወስኑት። መጀመሪያ በኤፍ ቦታ ኤን አስገቡ፤ ይህ ማሳያ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰረዝ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የፎልደሩን ስም ጻፉ። ዝርዝሩን አንብባችሁ ካመናችሁበት ኤኑን ወደ ኤፍ ቀይሩት።

ዲስኩ ያሰባችሁትን ያህል ካልተለቀቀ ደግሞ ታሪኩ የሚቀመጥበትን «ዶት ጊት» ፎልደር ለኩ። ስፓርስ ቼክአውት የሚቀንሰው የተዘረጋውን ፋይል እንጂ ታሪኩን አይደለም። ታሪኩ ከከበደ፣ ያልተላከውን ሁሉ ፑሽ አድርጋችሁና ፑሽ የማይደረገውን ቀድታችሁ፣ «ፊልተር» ላይ «ብሎብ ኖን» ብሎ አዲስ ክሎን (የሪፖው ቅጂ) ማውጣት ይሻላል። እንዲህ ያለው ክሎን የጎደለውን ፋይል በተፈለገ ጊዜ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት የድሮ ብራንች ለመክፈት አትሞክሩ።