«ታይም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለሩሲያኛ ተናጋሪ ስለ ማስረዳት

እንግሊዝኛን ለሩሲያኛ ተናጋሪ የሚያስተምር ሰው «ታይም»ን ከመተርጎሙ በፊት አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። አማርኛ «ጊዜ የለኝም» እና «ሦስት ጊዜ» ሲል ሁለቱንም በአንድ ቃል ይገልጻል፤ ሩሲያኛ ግን የሚያልፈውን ጊዜ «ቭሬምያ»፣ የሚደጋገመውን «ራዝ» ብሎ ይለያል። «ታይም»ን «ቭሬምያ» ብቻ አድርጎ የያዘ ተማሪ የሐረጎቹ ግማሽ ያመልጠዋል።

አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከ«ራዝ» ወገን ነው። ሩሲያኛ «በዚህ ጊዜ»፣ «በሚቀጥለው ጊዜ» እና «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚሉትን ሁሉ «ቭ» በምትባል አንዲት መስተዋድድ ስለሚጀምራቸው፣ ተማሪው እርሷን ወደ «ኢን» ለውጦ «ኢን ዚስ ታይም»፣ «ኢን ዘ ፈርስት ታይም» ይላል። «ዚስ ታይም» እና «ኔክስት ታይም» ያለ መስተዋድድ እንደሚቆሙ፣ «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ግን «ፎር»ን እንደሚፈልግ በምሳሌ ያስለምዱት። የእኛ «ለመጀመሪያ ጊዜ» እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር መግጠሙ ለአማርኛ ተናጋሪው አስተማሪ መልካም ዕድል ነው፤ ለተማሪው ግን አይጠቅመውም።

«ላስት» ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «አይ ሶው ሂም ላስት ታይም» ማለት ባለፈው ጊዜ አየሁት ማለት ሲሆን፣ «አይ ሶው ሂም ፎር ዘ ላስት ታይም» ከተባለ ግን ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ሩሲያኛ ይህን ልዩነት «ፕሮሽሊ» እና «ፓስሌድኒ» በሚሉ ሁለት ቅጽሎች ስለሚያሳይ፣ እንግሊዝኛው ልዩነቱን «ፎር ዘ» በሚሉት ትንንሽ ቃላት እንደሚሸከመው ለተማሪው ካልተነገረው አያስተውለውም።

«ቮቭሬምያ» የሚለው ቃል ደግሞ «ኦን ታይም»ንም «ኢን ታይም»ንም ይሸፍናል። ባቡሩ 9:00 ላይ ይነሣል ተብሎ በዚያው ደቂቃ ከተነሣ «ኦን ታይም» ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሮጦ የተሳፈረው መንገደኛ ግን «ኢን ታይም» ደርሷል። ተማሪው ሲያመነታ «ሰዓቱ ተከበረ ወይስ ሳያመልጥ ተደረሰ?» ብለው ይጠይቁት።

«ፍሮም ታይም ቱ ታይም» ከሩሲያኛው «ቭሬምያ ኦት ቭሬሜኒ» ጋር ቃል በቃል ባይሆንም በትርጉም ስለሚገጥም ጊዜ አይጠይቅም። ሩሲያኛ እንደ «ኤ» እና «ዘ» ያለ አርቲክል ስለሌለው ግን «አይ ሃቭ ታይም» እና «ሃቭ ኤ ጉድ ታይም» ጎን ለጎን ይጻፉለት፤ በመጀመሪያው «ኤ» አትገባም፣ በሁለተኛው አትቀርም።