መብራት ሄዶ ሲመለስ ሲስተሙ ራሱን እንዲያነሣ

ቃሊቲ ወይም ቱሉ ዲምቱ ያለ መጋዘን የሽያጭ ሲስተሙን ሁለት ሰርቨር ላይ በቪኤምዌር (በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ምናባዊ ማሽኖችን፣ ማለትም ቪኤሞችን፣ በሚያሠራ ሶፍትዌር) ሲያስኬድ ዋናው ፈተና መብራት ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለ ከታች ያለው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው።

መጀመሪያ በክላስተሩ (አንድ ላይ በተጣመሩት ሁለት ሰርቨሮች) ላይ የወደቀ ቪኤምን ራሱ መልሶ የሚያስነሣውን ቪስፊር ኤችኤን አብሩ፤ ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ የጋራ ስቶሬጅ ማየት አለባቸው። ቀጥሎ «ቪኤም እና አፕሊኬሽን ሞኒተሪንግ»ን ምረጡ። የማሽኑን የልብ ምት («አለሁ» የሚል ተደጋጋሚ ምልክት) የሚልከው በቪኤሙ ውስጥ የሚጫነው ቪኤምዌር ቱልስ ስለሆነ በየቪኤሙ መጫኑን አረጋግጡ። አፕሊኬሽኑ የራሱን ምት እንዲልክ ተደርጎ ካልተሠራ ግን ጥበቃው ለማሽኑ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ከፍተኛው ሴንሲቲቪቲ (የንቃት ደረጃ) ምቱ ለ30 ሰከንድ ከጠፋ ቪኤሙን ሪሴት ያደርጋል፣ ማለትም በግድ አጥፍቶ ያስነሣል፤ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ የሚታገሠው 120 ሰከንድ ነው፤ በ1 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። በድንገት የጠፋ ዳታቤዝ ደግሞ ሎጉን (የሥራ መዝገቡን) እያነበበ ራሱን ለማስተካከል 6 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ ሪሴት ሲመታው እንደገና ይጀምራል፣ ሦስቱም ሙከራ ያልቃል፣ ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ ስትገባ ሲስተሙ ዝግ ነው። «ከስተም» ውስጥ ገብታችሁ ምት የሚጠፋበትን 60፣ ትዕግሥቱን 600 ሰከንድ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ዳታቤዙ ለመነሣት የፈጀበትን ለክቶ እጥፉን መስጠት ነው።

በሪስታርት ቅደም ተከተል ዳታቤዙ ይቅደም።

ስትፈትኑ ሰርቪሱን በሥርዓት አትዝጉት፤ ምቱም አብሮ ሊዘጋ ይችላልና። ፕሮሰሱን (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም) በግድ ግደሉት። ኤችኤ ሪሴት ከማድረጉ በፊት የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ከቪኤሙ ፋይሎች ጋር ያስቀምጣል፤ ምርመራውን ከዚያ ጀምሩ።