ኤቢኤሱ የጠፋበት ፒክአፕ

ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው ጋራዣችን አንድ ፒክአፕ መጣ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት በርቷል፤ የፍጥነት ቆጣሪው ይሠራል፣ ይጠፋል። ዲያግኖስቲክ ማሽኑም ኤቢኤሱን ጭራሽ አያገኘውም። ባለቤቱ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ተባልኩ» አለኝ። ያ ብዙ ብር ነው። መጀመሪያ ሽቦው ይለካ አልኩት።

ባትሪውን ፈታሁ። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጌ የኦቢዲ ሶኬቱን (ዲያግኖስቲክ ማሽኑ የሚሰካበትን) 6 እና 14 ቁጥር ፒኖች ለካሁ። እዚያ የሚደርሰው የካን መስመር፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ጥንድ ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር አለው፤ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተያያዙ አንድ ላይ 60 አካባቢ ያነባል። እኔ ያገኘሁት 120 ነው። አንደኛው ጫፍ ተቆርጧል ማለት ነው። ወደ ዜሮ ቢጠጋ ኖሮ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል እል ነበር።

በዚህ መኪና አንዱ ሬዚስተር ያለው ኤቢኤሱ ውስጥ ስለሆነ ወደዚያው ሄድኩ። ሽቦውን ሳብ ሳደርገው አንድ ቦታ ላይ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ፕላስቲኩ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። አረንጓዴውን ቆርጬ ጣልኩ፣ በብየዳ ቀጠልኩት፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ፕላስቲክ አለበስኩት። ሁለቱን ሽቦዎች መልሼ ጠመዘዝኳቸው፤ ጥምዝዙ ነው ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከለው፣ ዝም ብሎ መተው አይገባም።

ስለካው 60 መጣ። ማሽኑም ኤቢኤሱን አገኘው፤ የብልሽት ኮዱን አጥፍቼ መኪናውን አስረከብኩ።