በድሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማዎች ውስጥ የሳንሱርን እጅ እንዴት መለየት ይቻላል?

የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች ዛሬ በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው፣ ባልና ሚስት በየአልጋቸው ለየብቻ ሲተኙ፣ ቤቱ መጸዳጃ ያለው የማይመስል ሲሆን፣ ሆዷ የገፋ ሴት እርጉዝ መሆኗ በስሙ ሳይጠራ ስትወልድ ሲያይ «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ብሎ ያልፋል። ብዙው ነገር ግን የዘመኑ ኑሮ ሳይሆን፣ ስክሪፕት ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ያሳለፈው ውሳኔ ነው። የተሰረዘው ከስክሪኑ ላይ ስለሌለ እርሱን መፈለግ አያዋጣም፤ መፈለግ ያለበት በምትኩ የገባው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመው ድራማው የተላለፈበትን ዓመት፣ ጣቢያውንና ስፖንሰሩን ይወቁ። ስክሪፕቱን መስመር በመስመር የሚያነበው የመንግሥት ቢሮ አልነበረም፤ ሦስቱ ትላልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኤቢሲ ለዚሁ ሥራ የመደቧቸው የራሳቸው ሠራተኞች ነበሯቸው። የብሮድካስተሮች ብሔራዊ ማኅበርም በ1952 ሥራ ላይ የዋለና እስከ 1983 የዘለቀ ደንብ ነበረው። ከዚያ ድራማውን አንድ ጊዜ ለደስታ ብቻ ይዩት። በሁለተኛው ድምፁን ዘግተው ዕቃዎቹንና ተዋንያኑ በምን ያህል ርቀት እንደሚቆሙ ይመልከቱ፤ በሦስተኛው ምስሉን ትተው ቃላቱን ብቻ ያዳምጡ።

ለጆሮ ልምምድ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን አስቂኝ ድራማ የሚያህል የለም። ተዋናይቷ ሉሲል ቦል በ1952 ስታረግዝ ሲቢኤስ እርግዝናው በድራማው እንዲገባ ቢፈቅድም «እርጉዝ» የሚለው ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ ከለከለ። ስክሪፕቶቹን አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፕሮቴስታንት አገልጋይና አንድ የአይሁድ ረቢ እንዲያነቧቸው ተደረገ። ስለዚህ ክፍሎቹን ሲያዳምጡ ገጸ ባሕርያቱ ቃሉን እንዴት እየዞሩት እንደሚያልፉ ልብ ይበሉ፤ እርግዝናዋ የሚገለጽበት ክፍል ርእስ እንኳ ለ«እርጉዝ» የፈረንሳይኛውን ቃል ተውሷል። በእኔ አስተያየት ግን እገዳው እዚህ ላይ ትዕይንቱን አልጎዳውም። ሉሲ ዜናውን ለባሏ በቀጥታ መናገር ሲያቅታት የሚታየው ርኅራኄ የተሞላበት ጸጥታ፣ ቃሉ ቢፈቀድ ኖሮ ይህን ያህል ልብ የሚነካ አይሆንም ነበር። ልጁ የተወለደበትን የጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ክፍል 44 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል።

ለዓይን ደግሞ ስፖንሰሩን መከተል ይበልጥ ይጠቅማል፤ ተመልካች ቶሎ የሚረሳው የእርሱን እጅ ነውና። «ማን አጌንስት ክራይም» የተባለውን የወንጀል ድራማ ወጪ የሚሸፍነው ካሜል ሲጋራ ስለነበር፣ ወራዳ ገጸ ባሕርያት ሲያጨሱ እንዳይታዩ፣ ማንም እንዳያስል፣ የእሳት ቃጠሎም በታሪኩ እንዳይገባ ለደራሲዎቹ መመሪያ ተሰጥቷቸው ነበር። እንዲህ ባለው ድራማ ውስጥ ሲጋራውን ማን እንደያዘ መመልከት ብቻ ብዙ ይናገራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በ1959 በሲቢኤስ የተላለፈው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናዚዎች ለፍርድ ስለቀረቡበት የኑረምበርግ ችሎት የሚተርከው ድራማ ነው። ከስፖንሰሮቹ አንዱ የአሜሪካ የጋዝ ማኅበር ስለነበረ፣ ናዚዎች ሰዎችን ስለፈጁበት ክፍል ሲነገር «ጋዝ» የሚለው ቃል ድምፁ ተቆርጦ ተላለፈ። የተዋናዩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አይሰማም። ይህን ያህል ታላቅ ግፍ ለምድጃ ነዳጅ ሽያጭ ሲባል ስሙ እንዲጠፋ መደረጉን ሳስብ ዛሬም እቆጫለሁ።

የዘር ጉዳይ ሲሆን ምልክቱ ይረቃል፤ ሰዎችና ቦታዎች በሌላ ይተካሉና። ደራሲው ሮድ ሰርሊንግ፣ የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲል በ1955 በሚሲሲፒ መገደሉን መነሻ አድርጎ የጻፈው ድራማ በ1956 ሲተላለፍ፣ ታሪኩ የዘር መድልዎ ከበረታበት ከአሜሪካ ደቡብ በሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ኒው ኢንግላንድ ተዛውሮ፣ ሟቹም ስም የሌለው የባዕድ አገር ሰው ሆኖ ነበር። ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ሳይቀር ከመድረኩ ተነሣ። ሰርሊንግ ከሦስት ዓመት በኋላ «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተባለውን የምናባዊ ታሪኮች ድራማ ሲጀምር፣ ስለ ሰው ጥላቻ ሊል የፈለገውን ከሌላ ዓለም በመጡ ፍጡራን በኩል ማለት ቻለ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ድራማ ውስጥ ባዕድ ፍጡር ሲያዩ፣ በመንደሩ ውስጥ ማንን ተክቶ እንደቆመ ይጠይቁ።

በ1968 «ስታር ትሬክ» በተባለው የጠፈር ድራማ የታየውን የካፒቴን ከርክንና የኡሁራን መሳሳም ሲመለከቱም ሁለቱ ወደው ሳይሆን በሌላ ኃይል ተገደው መሳሳማቸውን ያስተውሉ፤ የነጭና የጥቁር ተዋንያን ከንፈር ሊገናኝ የቻለው ታሪኩ ከፈቃዳቸው ውጭ ስላደረገው ነው። ኤንቢሲ የደቡብ ጣቢያዎችን ፈርቶ መሳሳም የሌለበት ቀረጻም እንዲዘጋጅ ፈልጎ ነበር። ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ እንደተረከችው፣ ከርክን የተጫወተው ዊልያም ሻትነር ሆን ብሎ ዓይኑን እያጣመመ ያንን ቀረጻ አበላሸው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ እንግዳ የሆነብንን ሁሉ ለሳንሱር መስጠት ስሕተት ነው። ሁለት ነጠላ አልጋ ጎን ለጎን መዘርጋት በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቤቶች የታወቀ ልማድ ነበር፤ በ1964 የጀመረው የኤቢሲው «ቢዊችድ» ደግሞ ባልና ሚስቱን በአንድ አልጋ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ክልከላ ነው ከማለትዎ በፊት በዚያው ዓመት ሌላ ጣቢያ ምን እንዳሳየ ያወዳድሩ፤ ሠሪዎቹ በቃለ መጠይቅ የተናገሩትንም ይፈልጉ።

ገጸ ባሕርይ ላይ የደረሰውን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከየት እንደመጡ የሚነገርበትን የመጀመሪያ ክፍል ማየት ነው። በ1970 የጀመረው አስቂኝ ድራማ «ዘ ሜሪ ታይለር ሙር ሾው» መጀመሪያ ሲታሰብ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሜሪ ከባሏ የተፋታች ሴት ነበረች። ሲቢኤስ ፍቺውን አልቀበልም ስላለ፣ ከረጅም ጊዜ እጮኛዋ ተለይታ ወደ ሚኒያፖሊስ የመጣች ተደረገች። የቀድሞው ሰው በመጀመሪያው ክፍል አበባ ይዞ ሲመጣ ትዕይንቱን በጥሞና ይዩት፤ ከዚያም እጮኛ በሚባልበት ቦታ ሁሉ «ባል» የሚለውን እያስገቡ አንድ ጊዜ እንደገና ያዳምጡት።