ነፋሱ ወደ ድኩላው ሲነፍስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ሰው ከድሮ ጀምሮ ደንቆሮ ጫካ እያለ የሚጠራው የደቡብ ወሎ ደን፣ የምኒልክ ድኩላን በእግር ሄዶ ማየት ከሚቻልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ፓርኩ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ይህን የምጽፈውም ድኩላውን በዓይንና በካሜራ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። የነፋሱ ነገር ግን ለአዳኝም ለፎቶ አንሺም ያው ነው። ጠረንዎ ቀድሞዎት ከደረሰ ድኩላው የለም። ነፋሱ ከጀርባዎ እየነፈሰ ወደ ደኑ መግባት ይሻላል ወይስ መተው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የስልክ ትንበያ አይቶ መወሰን

ስልክዎ የሚነግርዎት የመካነ ሰላም ወይም የደሴ ከተማን አጠቃላይ ነፋስ ነው። ገደሉና ሸለቆው ግን የራሳቸው ነፋስ አላቸው። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ዳገቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማለዳም ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ እንደዚያው ነው። ረፋድ ላይ የሞቀው አየር ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፣ ሲመሽ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ዳገት ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ ማዶው ገና ጥላ ውስጥ ሳለ እርስዎ የቆሙበት ነፋሱ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ይህ ነገር በጣም ይጎላል፤ ደመና በሸፈነው ቀን ይደክማል።

ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ «ነፋሱ አልሆነም» ብሎ መመለስ ችኮላ ነው። «ተስማምቶኛል» ብሎ እስከ 4 ሰዓት ድረስ በዚያው መንገድ መቀጠልም ያው ነው። ማለዳ ከታች ወደ ላይ ይውጡ፣ አየሩ ከድኩላው ወደ እርስዎ ይመጣልና። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። በመካከል፣ ነፋሱ በሚገለበጥበት ሰዓት፣ ጠረን ወደየትም ስለሚሄድ እንዳሉ ቁጭ ማለት ይበጃል። አውድማ ላይ ምርቱን የሚያዘራ ገበሬ ነፋሱ እስኪጸና መንሹን ይዞ እንደሚጠብቀው መጠበቅ ነው። ኪስዎ ውስጥ ትንሽ አመድ ይያዙና በየጥቂት እርምጃው ቆንጥረው ይልቀቁ። ፊት ላይ የሚሰማ ነፋስ ያታልላል፤ አመዱ ግን ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ያሳያል።

ቀስ የሚለውን ነፋስ ደግ፣ ጠንከር ያለውን ክፉ ማለት

ብዙ ጊዜ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ልፍስፍስ ያለ ነፋስ አቅጣጫ ስለሌለው በየደቂቃው ይዞራል፤ በጭራሽ ካልነፈሰ ደግሞ ጠረኑ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። በአንድ አቅጣጫ የጸና ነፋስ፣ ከጎን የሚመጣ እንኳ ቢሆን፣ መንገድ ለማቀድ ይመቻል። ዛፍ የሚያወዛውዝ ኃይለኛ ነፋስ ሲሆን ግን ድኩላው ድምፅ መስማት ስለሚያቅተው ይሠጋል፣ ጥቅጥቅ ካለው ቁጥቋጦም አይወጣም። እንዲህ ባለ ቀን መግባት ትርፉ ድካም ነው።

ሽታን በሌላ ሽታ መሸፈን

ጋቢን በወይራ ጭስ አጥኖ መግባት፣ ሽቶ መቀባት፣ ልብስን በእበት ማሸት። አይሠራም። ድኩላ ጭሱን ለብቻ፣ ሰውየውን ለብቻ ያሸታል። ሽቶ ደግሞ ባሰ እንጂ አልረዳም።

ሸንተረር አናት ላይ መቆም

ከላይ ሆኖ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ነፋሱ ሸንተረሩን ከተሻገረ በኋላ ከወዲያ በኩል እየተጠቀለለ ይመለሳል፤ ከነፋሱ የተከለሉ የመሰለዎት ቦታ ጠረንዎ የሚሽከረከርበት ይሆናል። ከአናቱ ወረድ ይበሉና አመዱን እንደገና ይልቀቁ።

«ይህን ያህል መጥቼ እንዴት እመለሳለሁ?»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላም መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ባዶ እጅ መመለስም ይከብዳል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ድኩላው ነው። እናቲቱ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ነው የምትግጠው፤ የሰው ጠረን ሲደርሳት ትሸሻለች፣ ግልገሉ ብቻውን ይቀራል። ደንግጦ ከደኑ የወጣ ድኩላ ማሳ ዳር ውሾች ይጠብቁታል። እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ድምፁን አንዴ ከሰሙ ነገሩ አልቋል፤ ተከትለው ከመግባት ይልቅ በመጡበት ይመለሱ። የድኩላው መተኛ ነፋሱ ከእርስዎ በሚነፍስበት አቅጣጫ ከሆነና ዞሮ መግቢያ ከሌለ መልሱ «አይሆንም» ነው። የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ይህን ሲነግርዎት አይከራከሩት፣ በገንዘብም አይለማመጡት።

ቀኑን እንደጠፋ መቁጠር

ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል ወዳለበት የጓሳ ሣር ሜዳ ይውጡ። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠነቀቀው በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው፤ ቀን በግልጽ ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል። ነፋሱ በየትም ቢነፍስ፣ ሳይሮጡና ቀጥታ ወደ መንጋው ሳይሄዱ ራቅ ብለው ከተቀመጡ በደንብ ያዩታል። ወደ ድኩላው አመሻሽ ላይ፣ አየሩ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ በታችኛው በኩል ዞረው መመለስ ይችላሉ።