ቪዲዮው ቆንጆ ነው፤ ግን ማን ያግኘው? ጅማ ላይ ደጋግሜ የማያቸው የዩቱብ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚቀርጽ አለ። ሐሙስ ገበያ ገብቶ የማር ዋጋ የሚጠይቅ አለ። ቡናን ከለቀማ እስከ ስኒ የሚያሳይ አለ። ቀረጻውም ኤዲቱም ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቪዲዮው ይጫናል፣ ጓደኛና ዘመድ ያየዋል፣ ከዚያ እዛው ይቀራል። ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፦ "አልጎሪዝሙ አያሳየንም።" አልጎሪዝም የሚሉት ዩቱብ ለማን የትኛውን ቪዲዮ እንደሚያሳይ የሚወስነውን ሥርዓት ነው።

እኔ ግን አልጎሪዝሙን ከመውቀስ በፊት ርዕሱን አያለሁ። አብዛኛው ቪዲዮ የተሰየመው ሠሪውን ለሚያውቅ ሰው ነው። ፈላጊው ግን ሠሪውን አያውቅም። የሚያውቀው የቸገረውን ነገር ብቻ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ርዕሱን እንደ ግል ማስታወሻ መጻፍ

"ቅዳሜን ከልጆቹ ጋር፣ ክፍል 3።" ይሄ ርዕስ አብረው ለዋሉት ልጆች ትዝታ ነው። ቪዲዮው ሲከፈት ግን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። የእንጨት በረንዳው አለ፣ ክፍሎቹ አሉ፣ አስጎብኚው ስለ ንጉሡ የሚያወራው አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለእረፍት ጅማ መምጣት ያሰበ ሰው "አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት" ብሎ ነው የሚፈልገው። "ክፍል 3" ብሎ የሚፈልግ የለም።

ዩቱብ ለርዕስ እስከ 100 ቁምፊ ይፈቅዳል። ስልክ ላይ ግን ረጅም ርዕስ ይቆረጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር ከፊት ይምጣ፦ "የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ጅማ፦ ውስጡ ምን ይመስላል?" ክፍል 3 የግድ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይግባ። የቻናሉን ስም ርዕስ መጀመሪያ ላይ መድገምም ቦታ ማባከን ነው፤ ከሥሩ ተጽፎ ይታያል።

ርዕስ ከማውጣታችሁ በፊት ፍለጋው ላይ "የጅማ" ብላችሁ ጀምሩና ዩቱብ ራሱ የሚያመጣላችሁን አማራጮች እዩ። ሰው ምን እያለ እንደሚፈልግ እዛ ላይ ፍንጭ ታገኛላችሁ። ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ብታዩት ደግሞ ይሻላል፤ አለበለዚያ የራሳችሁን የቀድሞ ፍለጋ መልሶ ያሳያችኋል።

አንድ አጻጻፍ ይዞ መቅረት

ይሄኛው የእኛ አገር ጣጣ ነው። ስለ ዩቱብ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ምክሮች ውስጥ አታገኙትም።

የከተማችንን ስም "ጅማ" ብሎ የሚጽፍ አለ፣ "ጂማ" የሚልም አለ። ንጉሡን "አባ ጅፋር"፣ "አባ ጂፋር"፣ አንዳንዱ ደግሞ ገጥሞ "አባጅፋር" ይላቸዋል። በላቲን ፊደል ሲሆን በአንድ ኤም የሚጽፍም በሁለት ኤም የሚጽፍም አለ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይማ ሁሉም እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። ዩቱብ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይረዳልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። አሁኑኑ ሁለቱን አጻጻፍ እያፈራረቃችሁ ፈልጉና የሚመጣላችሁን ዝርዝር አወዳድሩ።

መፍትሔው ርዕሱን በአጻጻፍ ዓይነት ማጨናነቅ አይደለም። ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አንዱን ምረጡ። ሌላውን ማብራሪያው (ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ጽሑፍ) ውስጥ፣ እንደ ሰው ወሬ፣ በዓረፍተ ነገር አስገቡት። የቀረውን ታግ (ለቁልፍ ቃላት ለብቻው የተሰጠው ሳጥን) ላይ ጻፉ። ዩቱብ ራሱ ታግ ቪዲዮን በማስገኘት ረገድ ያለው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ ይናገራል፤ ይጠቅማል የሚለው በተለይ ሰው አሳስቶ ለሚጽፋቸው ቃላት ነው። ለእኛ ደግሞ እሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ታጉን ግን ማብራሪያው ላይ አትዘርግፉት። ማብራሪያን በታግ መዓት መሙላት በዩቱብ ደንብ የተከለከለ ነው።

ቋንቋም አለ። ጅማ ላይ ግማሹ ጎረቤትህ የሚፈልገው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በቁቤ ጽፎ። በአማርኛ የሠራችሁት ቪዲዮ ቢሆንም ማብራሪያው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአፋን ኦሮሞ ጨምሩ። ራሳችሁ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጓደኛ አይጠፋም። ስለ ቡና ከሆነ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ገዢም ሊፈልገው ይችላል። ዩቱብ ስቱዲዮ (ባለቤቱ ቻናሉን የሚያስተዳድርበት ገጽ) ውስጥ ለአንዱ ቪዲዮ የእንግሊዝኛ ርዕስና ማብራሪያ ለብቻ ማከል ይቻላል።

ማብራሪያውን ባዶ መተው፣ ወይም ስልክ ቁጥር ብቻ መደርደር

እስከ 5,000 ቁምፊ የሚይዝ ቦታ ተሰጥቷችሁ "ለማስታወቂያ ይደውሉ" ብቻ ጽፎ መተው ያሳዝናል። ተመልካቹ ሳይከፍተው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ነው። እዛ ላይ ቪዲዮው ውስጥ ምን እንዳለ ንገሩት።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በርጩማ የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ባለቤቱ የአሠራሩን ቪዲዮ ሲጭን እንዲህ ብሎ ይጀምር፦

"የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከእንጨቱ ምርጫ እስከ መጨረሻው ማለስለስ እናሳያችኋለን። ሱቃችን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። አዲስ አበባም እንልካለን።"

በቃ። ምኑ፣ የት፣ ለማን፤ ሁሉም ገብቷል። ስልክ ቁጥሩና የቴሌግራም ሊንኩ ከዚያ በታች ይከተሉ። ከእሱ ሥር ደግሞ ምዕራፎቹን ያስገባል፦

0:00 እንጨቱ እንዴት ይመረጣል
1:40 መጥረብና እግሩን ማውጣት
5:15 ማለስለስ
7:30 ዋጋና መላኪያ

ሰዓቶቹን እንዲህ ከጻፈ ዩቱብ ቪዲዮውን በምዕራፍ ይከፋፍለዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው 0:00 ይሁን፣ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፣ በቅደም ተከተል ይሂዱ፣ አንዱም ከ10 ሰከንድ አይነስ። ዋጋ ብቻ የሚፈልገው ሰው 7:30 ላይ ሄዶ ያያል። "ታዲያ ሌላውን ሳያይ ሄደ" ትሉኝ ይሆናል። ምዕራፍ ባይኖር ኖሮ ዋጋውንም ሳያይ ይሄድ ነበር።

ሀሽታግ ሁለት ሦስት ይበቃል። ከ60 ካለፈ ዩቱብ ሁሉንም ነው የሚተዋቸው።

ተምኔል፦ ወይ ባዶ፣ ወይ ሰርግ ቤት

ተምኔል ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው ምስል ነው። አንዱ ወገን ዩቱብ በራሱ የቆረጠውን ምስል ይተዋል፤ አፍ ተከፍቶ፣ ዓይን ተጨፍኖ። ሌላው ቀይ ቀስት፣ ቢጫ ጽሑፍ፣ የሚጮህ ፊትና "ጉድ ተመልከቱ" ደራርቦ ያስገባል።

የራሳችሁን ተምኔል መጫን ካልቻላችሁ መጀመሪያ ቻናላችሁን በስልክ ቁጥር አረጋግጡ። መጠኑ 1280 በ720 ይሁን። ጽሑፉ ከሦስት ከአራት ቃል አይብለጥ፤ የእኛ ፊደል ሲያንስ ይጨማደዳል፣ አንዱ ፊደል ከሌላው አይለይም። የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ምንም አትጻፉ፤ የቪዲዮው ርዝመት እዛ ላይ ይመጣበታል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ስልካችሁ ላይ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ካልተነበበላችሁ ለማንም አይነበብም።

ውሸቱ ደግሞ ዞሮ ይጎዳችኋል። "የአባ ጅፋር ድብቅ ሀብት ተገኘ" ብላችሁ የምታሳዩት ተራ ጉብኝት ከሆነ፣ ሰው ይነካዋል፣ አሥር ሰከንድ አይቶ ይወጣል። ዩቱብም መውጣቱን ያያል። አሳሳች ርዕስና ተምኔል በደንቡም ክልክል ነው። ቪዲዮው ስንት ጊዜ ለሰው ዓይን ቀርቦ በመቶ ስንቱ እንደነካው ስቱዲዮ ውስጥ ታገኛላችሁ። ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ውስጥ እንደሚወድቅ ዩቱብ ራሱ ይገልጻል። ስለዚህ 4 በመቶ አይታችሁ አትደንግጡ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ በሰላምታ መጨረስ

ሎጎው እየተሽከረከረ ይመጣል። ሙዚቃ። ከዚያ "ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬም እንደተለመደው በጣም ደስ የሚል ቪዲዮ ይዘንላችሁ መጥተናል፣ ወደ ቪዲዮው ከመግባታችን በፊት ግን ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር..." ጥቅል ገዝቶ የሚያይ ሰው ሜጋባይት እየቆጠረ ነው። ምን እንደሚያገኝ ሳያውቅ ውለታ ይጠየቃል።

ሰላምታ ባህላችን ነው፣ አይቅር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃው። ቡና አፈላል የምታሳዩ ከሆነ ቡናው ምጣድ ላይ ሲንጫጫ ጀምሩ፣ ሰላምታው በዚያ ድምፅ ላይ ይግባ። ስቱዲዮ ውስጥ 30ኛው ሰከንድ አካባቢ ስንት ሰው እንደቀረ የሚያሳይ መስመር አለ። እሱን አንዴ ካያችሁ ሎጎውን ራሳችሁ ትቆርጡታላችሁ።

"ለልጆች የተሠራ ነው" የሚለውን ሳያነቡ መንካት

ቪዲዮ ስትጭኑ ዩቱብ ለልጆች የተሠራ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዳው ገብስ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይጎዳበታል። "ልጆችም ቢያዩት ችግር የለውም" ብሎ አዎ የሚል አለ። ጥያቄው እሱ አይደለም። አዎ ስትሉ ኮሜንቱ ይዘጋል፣ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ የሚያሳውቀው ደወል አይሠራም፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚወስደው ማሳያም ይጠፋል። በተለይ ለሕፃናት ካልሠራችሁት መልሱ አይደለም ነው።

ሰው ፈልጎ ከጨረሰ በኋላ መድረስ

የመስቀል ቪዲዮ ከመስቀል በኋላ፣ የአረፋ ዝግጅት ከአረፋ ማግስት። ሰው የሚፈልገው ከበዓሉ በፊት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ወርቅ ላይ ተቀምጣችኋል። በየዓመቱ ምደባ ሲወጣ ከየክልሉ ጅማ የደረሰው ተማሪ ሁሉ ዶርሙ ምን ይመስላል፣ ከመናኸሪያ እንዴት ይኬዳል፣ ብርድ ልብስ ልያዝ ወይ እያለ ይፈልጋል። ቪዲዮው ከምደባው በፊት ተጭኖ ይጠብቀው።

ሰዓትም አለ። ቪዲዮ በቀጠሮ ስትጭኑ ዩቱብ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ፈልጋችሁ ከሰዓት 2:00 የሚለውን ከመረጣችሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሁሉም ሥራ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ ነው። ለምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው የሚመረጠው።

ቪዲዮውን ራሱን ቴሌግራም ላይ መጫን

ፋይሉን ግሩፑ ላይ ካስገባችሁት ሰው እዛው አይቶ ይጨርሳል። ዩቱብ ላይ አንድም ቪው አይቆጠርም። በተቃራኒው ደረቅ ሊንክ አርባ ግሩፕ ላይ መበተንም አይሠራም፤ ከግሩፕ ያስባርራል። ጥሩውን ቁራጭ ቆርጣችሁ ጫኑ፣ ሊንኩን ከሥሩ አድርጉ፣ ምን እንደሚያገኙ በአንድ መስመር ጻፉ። ጥያቄው ወደሚጠየቅበት ግሩፕ ሂዱ።

ሾርትስ (የዩቱብ አጫጭር ቪዲዮዎች) ላይ ልብ በሉ። ማብራሪያና ኮሜንት ውስጥ የሚጻፍ ሊንክ አይነካም። ሾርቱን ከረጅሙ ቪዲዮ ጋር የሚያገናኘው "ተያያዥ ቪዲዮ" የሚለው ምርጫ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሰብስክራይበር መግዛት፣ "ሰብ ለሰብ" መለዋወጥ

"ሰብ ለሰብ" ማለት አንተ የእኔን ሰብስክራይብ አድርግ፣ እኔም የአንተን ላድርግ ማለት ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። እናንተ የእሱን አታዩም፣ እሱም የእናንተን አያይም። ዩቱብ እንዲህ ያለውን የውሸት ቁጥር ይከለክላል፣ ሲያገኘውም ይቀንሰዋል። ቻናል ያዘጋበት ሰውም አለ።

ያልታየውን አጥፍቶ እንደገና መጫን

"አልሄደም" ብለው ያጠፉታል፣ ያንኑ መልሰው ይጭኑታል። ያገኘው ቪው ይጠፋል፣ ኮሜንቱ ይጠፋል፣ ቴሌግራም ላይ የተላከው ሊንክም አይሠራም። ርዕስ፣ ተምኔልና ማብራሪያ ግን ሳይጠፋ በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል። ስቱዲዮ ክፈቱና ብዙ ጊዜ ለሰው ቀርበው ጥቂት ሰው ብቻ የነካቸውን ቪዲዮዎች ለዩ። እነሱ ለሰው ዓይን ደርሰዋል፣ የጎደላቸው ርዕስና ተምኔል ነው። ሥራውን ከእነሱ ጀምሩ። አንዴ ከቀየራችሁ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ተዉት፤ በየቀኑ ከለዋወጣችሁት የትኛው እንደሠራ አታውቁም።